ከጠላት አገር የተነሣ ወዳጅ፤ የኢሊዮ ባሮንቲኒ የሕይወት ታሪክ

አንድ ሕዝብ በጭንቅ ላይ በወደቀ ጊዜ ወዳጁንና ጠላቱን ለይቶ ማወቅ ታላቅ ጥበብ ነው። ጠላቱን በቋንቋውና በመልኩ ብቻ የለየ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የገዛ ወንድሙ ባንዳ ሆኖ ሲወጋው፥ ባዕዱ ደግሞ ቁስሉን ሲያስርለት ያያልና። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን መንገደኛ ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉት፤ ያነሣውና በአህያው ጭኖ ያሳደረው ከተጠላው ወገን የተወለደው ሳምራዊ ነበር። በአምስቱ የመከራ ዓመታት በጎጃምና በጎንደር ደጋና ቆላ ይዋጉ ለነበሩት አርበኞች ይህ ምሳሌ በዓይን የሚታይ ነገር ሆነላቸው። በ1931 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን በግፍ ይዛ ሳለች፥ ሦስት የኢጣልያ ዜጎች የሱዳንን ጠረፍ ተሻግረው ወደ አርበኞች ሠፈር ገቡ፤ የመጡትም አብረው ሊቸገሩና አብረው ሊዋጉ ነበር። ከሦስቱ ዋነኛው ኢሊዮ ባሮንቲኒ ይባላል።

ባሮንቲኒ በመስከረም ወር 1883 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቶስካና አውራጃ፥ ከሊቮርኖ ወደብ በስተደቡብ በምትገኘው በቼቺና ከተማ ተወለደ። ባደገም ጊዜ በምድር ባቡር ሥራ ተቀጠረ። ሊቮርኖ መርከብ የሚሠሩና ከመርከብ ዕቃ የሚያወርዱ ሠራተኞች የበዙባት ከተማ ስለ ሆነች፥ የደመወዝ ማነስና የድኻ መጉላላት በየቀኑ የሚነገርባት ነበረች። ወጣቱም ከሠራተኞች ማኅበር ገብቶ ስለ ድኻ መብት የሚከራከር ሆነ። በጥር ወር 1913 ዓ.ም. የኢጣልያ የኮሙኒስት ፓርቲ በዚያችው በሊቮርኖ ሲመሠረት ከአባሎቹ አንዱ ሆነ። ይህ ፓርቲ ስለ ሃይማኖት የነበረው አሳብ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነት ጋር ፈጽሞ የማይስማማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሰውየውም ታሪክ ሲነገር ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን የሥራው ፍሬ የሚታይበት ቀን ገና ነበረ።

በጥቅምት ወር 1915 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የመንግሥቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ የፋሺስት ጭፍሮች መጀመሪያ የጨከኑት በገዛ ወገኖቻቸው ላይ ነበር። የሠራተኞች ማኅበር ቤቶች ተቃጠሉ፤ ጋዜጦች ተዘጉ፤ ያልተስማማ ሁሉ ይደበደብ፥ ይታሰር፥ ወደ ደሴት ይጋዝ ጀመር። ባሮንቲኒም ብዙ ከተሳደደ በኋላ ቤተ ሰቡንና አገሩን ትቶ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ ከዚያም ወደ ሞስኮብ አገር ተሻገረ። ስለዚህ ፋሺስት በኢትዮጵያ ምድር ከመርገጡ ከብዙ ዓመታት አስቀድሞ ግፉን የቀመሱ ኢጣልያኖች እንደ ነበሩ ማስተዋል ይገባል።

ሙሶሊኒ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን የመረብን ወንዝ አሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የኢጣልያ መንግሥት ራሱ በጄኔቭ ተስማምቶ የፈረመበትን የ1917 ዓ.ም. ውል አፍርሶ፥ የመርዝ ጢስ በሠራዊትና በገበሬ፥ በከብትና በውኃ ላይ አዘነበ። ጎንደር መጋቢት 23 ቀን፥ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን በጠላት እጅ ወደቁ። ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት አላስገዛም ብለው በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

በዚያው በሐምሌ ወር በእስጳንያ አገር የጦር አለቆች በሕዝብ በተመረጠው መንግሥት ላይ ስለ ተነሡ፥ ሙሶሊኒ ከኢትዮጵያ ጦርነት ገና ሳያርፍ ወታደሮቹን ወደዚያ ላከ። የእስጳንያን ሕዝብ ለመርዳት ደግሞ ከ50 በላይ ከሆኑ አገሮች የተውጣጡ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በፈቃዳቸው መጡ። ከእነርሱም ውስጥ ስደተኞቹ ኢጣልያኖች በጋሪባልዲ ስም የተጠራ አንድ ጦር አቋቋሙ፤ ባሮንቲኒም በዚህ ጦር ውስጥ ኮሚሳር ሆነ። በመጋቢት ወር 1929 ዓ.ም. በጓዳላሐራ በተደረገው ውጊያ ጦሩን እየመራ ሙሶሊኒ ከላከው ሠራዊት ጋር ተጋጠመ። ኢጣልያዊ ከኢጣልያዊ ጋር በባዕድ ምድር ተዋጋ፤ የሙሶሊኒም ሠራዊት አፍሮ ተመለሰ። ይህ ድል ፋሺስት የማይበገር ነው የሚለውን ወሬ ስላፈረሰ፥ በስደትም በበረሃም ላሉት ኢትዮጵያውያን ታላቅ የምሥራች ነበረ።

በኢትዮጵያ ግን በዚያው ዓመት መከራው ከፍ ብሎ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ከተፈጸመው እልቂት ቀጥሎ፥ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ፤ ጠላት ራሱ በጻፈው ቁጥር እንኳ መጀመሪያ 297 መነኮሳት፥ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ተገድለዋል። በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ባሕታውያን ሳይቀሩ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ተብለው እየተያዙ ይገደሉ ነበር። ኢጣልያኖች በጌምድርንና ጎጃምን አንድ አድርገው የአማራ ግዛት ሲሉ ከጎንደር ከተማ ሆኖ የሚያስተዳድር አገረ ገዥ አቆሙ። በፋሲል ግንብ አጠገብም ለሹማምንቶቻቸው የሚሆኑ የድንጋይ ቤቶችን ሠሩ፤ የዳባትንና የደባርቅን መንገድ አቀኑ፤ የወልቀፊትን ገደል መሸጉ። ነገር ግን ምሽጉን እንጂ አገሩን አልያዙትም። የገበሬውን ጠመንጃ ለመግፈፍ በተነሡ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በመላው ሸፈተ፤ በጎንደርም በኩል አርማጭሆ በአሞራው ውብነህ ተሰማ፥ ወልቃይትና ጠገዴ በአዳነ መኰንን እየተመሩ አልገዛም አሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ፥ ከውጭ ይህ ነው የሚባል እርዳታ ሳይመጣ፥ ገበሬው በገዛ ስንቁና ከጠላት በማረከው መሣሪያ ነበር።

በዚህ ጊዜ በፓሪስ የነበሩ የኢጣልያ ስደተኞች የኢትዮጵያን አርበኞች መርዳት የራሳቸውን አገር ነፃ ማውጣት መሆኑን ተረዱ፤ ሙሶሊኒ በአንዱ ቦታ ቢደክም በሌላውም ይደክማልና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተሰደው ሲኖሩ፥ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ጉዳይ ይከታተል የነበረው ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበር። በስደተኞቹና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል ንግግር ተደርጎ፥ ባሮንቲኒ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ ተወሰነ። ሎሬንሶ ራሱም በ1931 ዓ.ም. ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቶ ተደብቆ ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድር ገብቶ አርበኞቹን ጎብኝቷል።

ያን ጊዜ ከሱዳን ወደ አርበኞች ሠፈር የሚያስገባው መንገድ ከገዳሪፍ ተነሥቶ በመተማና በቋራ ቆላ የሚያልፍ ነበር። በክረምት ወንዙ አያሻግርም፤ በበጋ ውኃ የለም፤ ወባው ደግሞ ከጠላት ጥይት ይልቅ ብዙ ሰው ይገድላል። ባሮንቲኒ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 50 የሚጠጋ ሰው ነበር። በዚህ ዕድሜ ቆላውን አቋርጦ፥ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር፥ ወገኖቹ ብዙ ደም ወዳፈሰሱበት ሕዝብ መካከል ገባ። ከጥቂት ወራትም በኋላ ብሩኖ ሮላና አንቶን ኡክማር ተከተሉት። ኡክማር በትሪየስቴ አጠገብ ከሚኖሩት ከስሎቬን ወገን የተወለደ ነበር፤ እርሱም በእስጳንያ ምድር የተዋጋ ነው።

ስማቸው ቢታወቅ አደጋ ስለ ነበረ ሦስቱም በሐዋርያት ስም ተጠሩ። ባሮንቲኒ ጳውሎስ፥ ሮላ ጴጥሮስ፥ ኡክማር ዮሐንስ ተባሉ። ይህ የስም አወጣጥ ለምሥጢር የተደረገ ቢሆንም፥ ለኢትዮጵያ ሰው ግን ስም ዝም ብሎ የሚወጣ ነገር አይደለም። ጴጥሮስ የሚለው ስም ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በአዲስ አበባ የተገደሉትን ጳጳስ ያሳስባል። ጳውሎስ የሚለው ስም ደግሞ ከአሳዳጆች ወገን ተነሥቶ ለተሳደዱት አገልጋይ የሆነውን ሐዋርያ ያሳስባል። ባሮንቲኒ ራሱ አሳዳጅ ሆኖ አያውቅም፤ ወገኖቹ ግን አሳዳጆች ነበሩ። ሐዋርያው በመጀመሪያ ወደ ደቀ መዛሙርት በቀረበ ጊዜ ሁሉ እንደ ፈሩት፥ ይህንም ጳውሎስ በጥርጣሬ የሚያየው ሰው ብዙ መሆኑ የማይቀር ነበር። ልጁ በመርዝ ጢስ የሞተበት፥ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ የኢጣልያን ቋንቋ ሲሰማ እጁ ወደ ጠመንጃው ቢሄድ የሚያስወቅሰው አልነበረም። ጥርጣሬውን ያራቀው የቃል ስብከት ሳይሆን አብሮ መኖር ነው። አርበኞቹ ቆሎና በሶ ሲበሉ እንግዳው የሚበላው ሌላ ምግብ አልነበረም፤ በዋሻና በዱር ሲያድሩ እርሱም በዚያው ያድራል፤ አይሮፕላን መጥቶ ቦምብ ሲጥል ቦምቡ ኢጣልያዊውን ከኢትዮጵያዊው አይለይም።

ባሮንቲኒ ይበልጡን የሠራው በጎጃም፥ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ካሉት አለቆች ጋር ነበር። ሥራውም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የሽምቅ ውጊያን ስልት ማስተማር ነው። የኢትዮጵያ ጦር በጥንት ልማዱ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ፊት ለፊት መግጠምን ክብር ያደርግ ነበር፤ መትረየስና አይሮፕላን ባለው ጠላት ፊት ግን ይህ ልማድ ብዙ ጀግና አስፈጅቷል። አርበኞቹ ራሳቸው ከመከራ ተምረው ስልታቸውን ለውጠው ነበርና፥ ባሮንቲኒ በእስጳንያ ያየውን ጨመረበት። በጥቂት በጥቂት ሰው ተከፍሎ ስንቅ የጫነውን መኪና መምታት፥ ድልድይን በፈንጂ ማፍረስ፥ ጠላት ሲመጣ መበተን፥ ሲመለስ መከተል የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ነበረ።

ሁለተኛው ሥራ ማስማማት ነው። የአርበኞች ትልቁ ድካም የመሣሪያ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የአለቆች አለመስማማትም ነበር። በጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እርስ በርሳቸው ይቀናኑ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ጠላትም ይህን ስለሚያውቅ አንዱን በሌላው ላይ ለማስነሣት ገንዘብና ሹመት ያቀርብ ነበር። ባሮንቲኒም ሎሬንሶም ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው እየሄዱ አንድ ምክር እንዲመክሩ፥ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አንድ እንዲሆኑ ደከሙ። ድካማቸው ሁሉንም አላስማማም፤ መቀናናቱ ከእነርሱ በኋላም ቆይቷል። ቢሆንም ባዕድ ሰው የወንድማማቾችን ጠብ ለማብረድ በእግሩ ሲንከራተት ማየት ለሚያስተውል ሰው ተግሣጽ ነበረ።

ሦስተኛው ሥራ የጽሑፍ ነው። የሐበሾች ድምፅ የሚል ስም የተሰጠው ትንሽ ጋዜጣ በአማርኛና በኢጣልያንኛ እየተዘጋጀ ይበተን ነበር። አማርኛው ሕዝቡ እንዳይታለልና ተስፋ እንዳይቆርጥ፥ ኢጣልያንኛው ደግሞ በምሽግ ያለው ወታደር የሚዋጋው ለማን ጥቅም እንደ ሆነ እንዲያስብ ነው። ጠላት በጎንደርና በአዲስ አበባ ትልልቅ ማተሚያዎች ነበሩት፤ አርበኞቹ የነበራቸው ጥቂት ወረቀት ነው። ነገር ግን እውነት የያዘ ቁራጭ ወረቀት ሐሰት ከሞላበት ትልቅ ጋዜጣ ይልቅ ይፈራል።

እዚህ ላይ ነገሩን በሚዛን ማኖር ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስት ሰዎች የኢትዮጵያን አርበኝነት አልፈጠሩትም፤ እነርሱ ሲመጡ ተጋድሎው ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጦሩን ያዘመተው ባላገር፥ ስንቁን የፈጨችው ሴት፥ ቁስለኛውን በቤተ ልሔም የሸሸገው ካህን፥ የጠላትን ምሽግ ቆጥሮ ወሬ ያመጣው እረኛ ናቸው የድሉ መሠረት። የባሮንቲኒ ምስጉንነት ይህን በማወቁ ነው። ሹመት ወይም ርስት ፍለጋ አልመጣም፤ የባለቤቱን ቦታ ሳይቀማ ረድቶ ሄደ እንጂ። እንዲህ ያሉ ሌሎችም ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሜሊ በ1928 ዓ.ም. ቁስለኛ ሲያነሣ በአዲስ አበባ በጥይት ተመቶ ሞቷል። ፈረንሳዊው መኰንን ሮቤር ሞኒዬ በ1932 ዓ.ም. ከአርበኞቹ ጋር ሳለ በወባ ታሞ ሞቶ በኢትዮጵያ አፈር ቀርቷል። ሲልቪያ ፓንክረስት ደግሞ በለንደን ሆና ከ1928 ዓ.ም. ጀምራ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ታትም ነበር።

በ1932 ዓ.ም. ሦስቱ ሰዎች ከብዙ ድካም በኋላ ወደ ካርቱም ወጡ። ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስላወጀች የዓለም ነገር ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ መጨረሻ ካርቱም ደረሱ፤ በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም ገባ፤ ግርማዊነታቸው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ለሕዝቡ ያወጁት ቃል ክፉን በክፉ እንዳይመልስና በእጁ የወደቀውን ኢጣልያዊ እንዳይበቀል የሚያዝ ነበር። ጠላት የመጨረሻውን ምሽግ በጎንደር አድርጎ ሰባት ወር ያህል ቆየ። ወልቀፊት መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ነፃ ወጣች። ብዙ ሺህ ኢጣልያኖች ትናንት ባስጨነቁት ሕዝብ መካከል ተማርከው በሕይወት ቀሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ተቀምጠው እየሠሩ ኖሩ።

ባሮንቲኒ ግን ገና አላረፈም። ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በማርሴይ አካባቢ ከፈረንሳይ አርበኞች ጋር ሆኖ ጀርመኖችን ተዋጋ። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ሙሶሊኒ ከወደቀና ጀርመኖች ሰሜን ኢጣልያን ከያዙ በኋላ፥ ከ12 ዓመት ያህል ስደት በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ገባ። ዳሪዮ በሚባል የምሥጢር ስም ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የኢጣልያን ወጣቶች የሽምቅ ውጊያ አስተማረ፤ በኋላም በቦሎኛ ዙሪያ ላለው አውራጃ የአርበኞች ጦር አዛዥ ሆነ። ቦሎኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1937 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ኢጣልያ ኢትዮጵያን አሠለጥናለሁ ብላ ጦር በላከች በአሥር ዓመቷ፥ ከኢትዮጵያ ገበሬ ጋር በዱር ያደረ ሰው የኢጣልያን ልጆች ለነፃነታቸው እንዴት እንደሚዋጉ ሲያስተምር ተገኘ። የእግዚአብሔር ፍርድ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የአዲሱን የኢጣልያ ሕገ መንግሥት ባረቀቀው ጉባኤ አባል ሆነ፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመረጠ። ጥር 14 ቀን 1943 ዓ.ም. በፊሬንሴ አጠገብ በስካንዲቺ መንገድ ላይ የተሳፈረበት መኪና ተጋጭቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ60 ዓመቱ ሞተ። በሊቮርኖ ከተማ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የሚደረግ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር በስሙ ይጠራል።

የዚህ ሰው ታሪክ ለሹማምንትም ለካህናትም የሚተርፍ ትምህርት አለው። ሹም የሆነ ሰው እርዳታ ሊሰጥ ወደ ሌላው አገር ወይም ወደ ሌላው አውራጃ በሄደ ጊዜ፥ የሕዝቡን እንጀራ ሳይቀምስ፥ ቋንቋውንና ልማዱን ሳያይ፥ ከላይ ሆኖ ቢያዝ ሥራው እንደማይጸና ይማርበታል። የረዳ ሰው ጊዜው ሲደርስ ለባለቤቱ ትቶ መሄድን ማወቅ አለበት። ካህን የሆነ ሰው ደግሞ፥ በሃይማኖት ከእርሱ የተለየ ሰው እንኳ ለተገፋ ወገን ሲል ነፍሱን አሳልፎ ለመስጠት እንደሚነሣ አይቶ፥ ራሱ ከዚያ ያነሰ ሆኖ እንዳይገኝ ይጠነቀቃል። የእምነቱ ልዩነት እንዳለ ይቀራል፤ የሳምራዊውም ከአይሁድ መለየት በዚያ መንገድ ላይ አልተሻረም፤ የቆሰለው ሰው ግን ድኗል።

የጎንደር አርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ገድል ሲተርኩ፥ ጠላትን እንዴት እንደ መቱ ብቻ ሳይሆን፥ ከጠላት አገር የመጣውን እንግዳ በሥራው መርምረው እንዴት ወዳጅ እንዳደረጉት ጭምር ሊነግሩ ይገባል። ጠመንጃ የያዘ ክንድ አገርን ነፃ ያወጣል፤ ግፈኛውን ከወገኑ ለይቶ የሚፈርድ ልቡና ደግሞ ነፃ የወጣችውን አገር ከበቀል ይጠብቃታል።